ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ፓወር ባንክ ለምትሠሩ

ሞቷል ተብሎ በሚጣል የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 18650 የሚባሉ ስድስት የሊቲየም ሴሎች በሁለት በሁለት ተጣምረው ይገኛሉ፤ አንዱ ጥንድ ብቻ ሲዳከም ሙሉው ባትሪ ሥራ ሊያቆም ስለሚችል፣ የቀሩት አራቱ ለመብራት ወይም ለፓወር ባንክ ገና ሊያገለግሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ሴሎቹን አውጥቶ ወዲያው ማገናኘት አደገኛ ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሴል በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ) ለኩት። መደበኛ ቮልቴጁ 3.7፣ ሲሞላ ደግሞ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የተገኘውን፣ የዛገውን ወይም የተጨረመተውን፣ ምንም ያህል ቢያሳሳችሁ፣ አትጠቀሙበት። ደኅና የሚመስሉትን ቲፒ4056 በተባለው ትንሽ የመሙያ ሰሌዳ አንድ በአንድ ሙሏቸው። ሰሌዳው ራሱ ቢግል የተለመደ ነው፤ ሴሉ ከጋለ ግን ወዲያውኑ ንቀሉት።

ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን አጥብቄ የምመክረው ቀጣዩን ነው፦ የሞሉትን ሴሎች፣ ቀኑንና ቮልቴጁን በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አስቀምጧቸውና እንደገና ለኳቸው። ያለ ሥራ ተቀምጦ ከ4 ቮልት በታች የወረደ ሴል ውስጡ ተጎድቷልና ይወገድ። ጎን ለጎን (ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩን ከኔጋቲቭ) የምታገናኟቸው ሴሎች ቮልቴጅ እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከሞላው ወደ ጎደለው ከባድ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል።

በፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ያለችውን ቀለበት መሳይ ወረቀትም አትጣሏት። የሴሉ ቆርቆሮ እስከ አንገቱ ድረስ ኔጋቲቭ ስለሆነ፣ ሽቦው እንዳይነካውና ሾርት እንዳያደርግ የምትከላከለው እርሷ ናት።