ግዙፍ ክሪቸር (ተዋጊ ካርድ) ይዞ መሸነፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ፒያሳ ቡና ቤት ቁጭ ብለው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ በስልክ ከሚጫወቱ ልጆች መሃል «ይሄን የመሰለ ጭራቅ ይዤ እንዴት ተበላሁ?» የሚል አይጠፋም። ዕድሉን ከመራገሙ በፊት እነዚህን ይይ።

ችግር፦ እጄ በትልልቅ ካርድ ተሞልቶ ሳልንቀሳቀስ አለቀልኝ።

ምክንያቱ ማና ነው፤ ካርድ ለማውረድ የሚከፈለው ኃይል። ማና የሚሰጠው ላንድ የሚባለው ካርድ በተራ አንድ ብቻ ነው የሚወርደው። 6/6 የሆነው (የመምታት ጉልበቱም ጉዳት የመቻል አቅሙም 6) ኮሎሳል ድሬድማው 6 ማና ይፈልጋል፤ ላንድ ሳይቋረጥ ቢመጣ እንኳ ስድስተኛ ተራ ድረስ መጠበቅ ነው። እስከዚያ ተጋጣሚያችሁ ባለ2 ማና ትንንሾቹን አውርዶ ከ20 ነፍሳችሁ ብዙውን ቀርጥፎታል። በባለ60 ካርድ ዴክ (የካርድ ጥቅል) ላይ 24 ያህል ላንድ አድርጉ፣ ውዶቹን ቀንሱ። ላኖዋር ኤልቭስን በ1/1ነቷ አትናቋት። በአንድ ማና ወርዳ ራሷ ማና ስለምትሰጥ፣ በሁለተኛው ተራ 3 ማና በእጃችሁ ነው። መጨረሻ ላይ ከመጣች ግን ያው ኮሳሳ ናት።

ችግር፦ 5 ማና የከፈልኩበት ወዲያው ተገደለ።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ቤንስሌየር ኤንጀል 5/5 ናት፤ ትበራለች፣ ቀድማ ትመታለች፣ በመታች ቁጥር ነፍስ ትጨምርላችኋለች። ግን በወረደችበት ተራ ማጥቃት አትችልም። ተጋጣሚ ዱም ብሌድ በሚባለው ባለ2 ማና ገዳይ ካርድ ከገደላት ባዶ እጃችሁን ቀራችሁ። መልድሪፍተርም 5 ማና ነው፤ የሚበር 2/2 ብቻ። ሲወርድ ግን ሁለት ካርድ ያስስባል። ቢገድሉትም ካርዶቹን ማንም አይወስድባችሁም።

ስለዚህ ካርድ ስትመርጡ «አሁኑኑ ቢሞት ምን ይተርፈኛል?» በሉ። መልሱ «ምንም» ከሆነ ካርዱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ተጋጣሚ መልስ ካጣላት ኤንጀሏ በአራት ምት 20 ነፍስ ትጨርሳለች። እኔ ብሆን እንደሷ ያለ ካርድ ሁለት ብቻ እይዛለሁ። መጀመሪያ ሌላ አስቆጪ ክሪቸር አውርዱና ገዳይ ካርዱን ይጨርስበት፤ እሷን ከዚያ በኋላ።

ችግር፦ ጊጋንቶሳውረስ 10/10 ነው፣ ግን አንድም ነፍስ አልቀነሰም።

ተጋጣሚ በየተራው አንድ 1/1 ፊቱ ይደቅንበታል፣ አለቀ። የማይበርና የማይረግጥ ክሪቸር እንዲህ ነው። ትራምፕል ያለው (የተደቀነበትን ረግጦ የተረፈውን ጉዳት ለተጋጣሚ የሚያሳልፍ) ወይም በራሪ ፈልጉ። በዚያ ላይ የጊጋንቶሳውረስ አምስቱም ማና አረንጓዴ መሆን አለበት፤ በባለሁለት ቀለም ዴክ ባትሞክሩት ይሻላል።

ችግር፦ ካርዱ ያደርጋል ያልኩትን አላደረገም።

በስልክ ጽሑፉ ስለሚያንስ ብዙ ሰው ከታች በቀኝ ያለውን ቁጥር (6/6 ዓይነቱን) ብቻ አይቶ ያልፋል። ካርዱን ተጭናችሁ አስፍታችሁ አንብቡ። በተለይ «ሲወርድ» እና «ሲሞት» የሚሉትን መስመሮች።