«ሥራ ሲያልቅ ትሠሪዋለሽ» እና ሌሎች የእናት ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አሳድጋለሁ። ትልቋ 16 ዓመቷ ነው፤ ጥልፍ ትወዳለች፣ ከዓመት ወዲህ ደግሞ ማሲንቆ ይዛለች። መካከለኛዋ 14 ሆኗታል፤ ሩጫ ነው ልቧ። ትንሿ የ8 ዓመት ልጅ ናት፤ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ትስላለች። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን እኔው ሠርቻቸዋለሁ። ሌላዋ እናት በእኔ መንገድ ሄዳ እንዳትደክም ብዬ ነው የምጽፈው።

«ሥራ ሲያልቅ ትሠሪዋለሽ» ማለት

ይህ ቃል ከአፌ ስንት ጊዜ እንደወጣ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ክፋት ያለበት አይመስለኝም ነበር፤ እንዲያውም ፈቃድ የሰጠሁ ይመስለኝ ነበር። ግን የቤት ሥራ መቼ ያልቃል? ቡናው ሲነሳ ስኒ ይታጠባል፤ ስኒው ሳይደርቅ ሊጥ ይቦካል፤ ሊጡ ሲደርስ ምጣድ ይጣዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ቧንቧው በሌሊት ሲያፏጭ ተነስቶ በርሜል መሙላት አለ። ሴት ልጅን የምትወደውን ነገር ሥራ ካለቀ በኋላ ሥሪ ማለት አትሥሪ ማለት ነው። በአፋችን አልከለከልንምና ኅሊናችን አይወቅሰንም፤ ልጅቷ ግን ያው ተከልክላለች።

ዓይኔን የገለጠልኝ ወንዱ ልጄ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኳሱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ አየሁት። ማንንም አላስፈቀደም፤ እኔም የት ትሄዳለህ አላልኩትም። በዚያችው ሰዓት ታላቅ እህቱ የጥልፍ ጨርቋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ጨርቁ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ወድቋል። ለሴቶቹ ልጆቼ የሚያስፈልጋቸው ገንዘብና ማበረታቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የጎደላቸው ጊዜ ነው።

በማግስቱ የቤቱን ሥራ እንደገና አከፋፈልን። እንጀራ የምንጋግረው ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ዕቃ ማጠብና በርሜል መሙላት ለወንዱ ልጅ ደረሰ። አማቴ «ወንድ ልጅ ማጀት ውስጥ ምን ያገባዋል?» ብለው ሁለት ሳምንት አኮረፉኝ። አክብሬ ሰማኋቸው፤ ድልድሉን ግን አልለወጥኩም። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የልጆቹ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ሱቅ አልልካቸውም፤ እንግዳ ቢመጣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ሰዓቱን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ያልተጻፈ ሰዓት በሚቀጥለው ሳምንት ይረሳል፤ የመጀመሪያዋ ረሺ ደግሞ እናት ናት።

የወደደችውን ቶሎ ገበያ ማውጣት

ከሁሉም የሚቆረቁረኝ ይህኛው ነው። ጥር ሲቃረብ የጎንደር ልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ታቦታቱ ግን በዋዜማው ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስለሚወርዱ ደንበኛው ሁሉ አዲሱን ቀሚስ የሚፈልገው ለጥር 10 ነው። ከኅዳር ጀምሮ ትእዛዝ ይከመራል። ትልቋ ልጄ ያን ጊዜ 14 ዓመቷ ነበር። ከእኔ መቀስ የተረፈውን ቁርጥራጭ እየሰበሰበች የራሷን ጥልፍ ትሞክር ነበር፤ በመስቀሉ ክንድ ላይ ወፍ ታሳርፋለች፣ ጫፉን ቅጠል ታስመስለዋለች፣ ካልጣማት ፈትታ እንደገና ትጀምራለች። አንዲት ደንበኛ ያንን አይታ «ለእኔም ይሄንኑ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሁለተኛዋ መጣች፤ ሦስተኛዋ ተከተለች። በመጨረሻ ዘጠኝ ቀሚስ ሆነ።

ዘጠኙም ላይ አንድ ዓይነት መስቀል፣ አንድ ዓይነት ወፍ፣ አንድ ዓይነት ክር። ደንበኛ የምትፈልገው ጎረቤቷ ላይ ያየችውን ነው። ልጄ በታኅሣሥ ብርድ ጋቢ ደርባ ከእኔ ጋር እያመሸች ጨረሰችው። አንድም ቀን አልተማረረችም። ድርሻዋን ብር ቆጥሬ ሰጠኋት፤ በልቤም ሙያ ሰጠኋት ብዬ ኮራሁ። ከጥምቀት በኋላ ግን መርፌና ክሯን ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትታ አልጋ ሥር አስገባችው። እስከ ፋሲካ አልነካችውም። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጠይቃት «እማዬ፣ እሱ እኮ አሁን የአንቺ ሥራ ነው» አለችኝ።

ያን ቃል ይዤ ብዙ ቀን ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። የቸገረው ቤት የልጅ እጅ ብር ሊያመጣ ሲችል ዝም ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ጥልፉን እንድትወደው ያደረጋት መፍታትና እንደገና መጀመር ነበር። በትእዛዝ ሥራ ላይ መፍታት የለም፤ ቀን ተቆርጧል፣ ቀብድ ተበልቷል። እኔ የምወደውን ሥራ ለኑሮ የያዝኩት አድጌ፣ ወድጄና ፈቅጄ ነው። እሷ ግን አልተጠየቀችም።

ልጅቷ ራሷ ልሽጥ ካለች ትሽጥ። ዋጋውን እሷ ትቁረጥ፣ ስንት እንደምትሠራ እሷ ትወስን፣ «አልችልም» ስትል ደንበኛዋን የምትመልሰው እናት ትሁን። ምንጊዜም ለሽያጭ የማይቀርብ አንድ ሥራ በእጇ ይኑር። ልጄ ዛሬ ለጥምቀት ሁለት ቀሚስ ብቻ ትጠልፋለች፤ ምን እንደምትጠልፍበትም የምትመርጠው እሷ ናት። ቆርቆሮው ከአልጋ ሥር ወጥቷል።

«ይህ የወንድ ነው» ማለት

ማሲንቆ ልማር ስትለኝ ከእኔ በፊት አያቷ መለሱላት፤ «የጨዋ ልጅ አዝማሪ ልትሆን?» አሉ። እኔም አመነታሁ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት፤ ማሲንቆ የሌለበት ሰርግ ሰርግ አይመስለንም። በሰርጉ ላይ እስክስታ የወረደው ቤተሰብ ግን የገዛ ልጁ ማሲንቆ ስትይዝ ይደነግጣል። በልማዱ ሴቷ ታዜማለች፣ ማሲንቆውን የሚመታው ወንዱ ነው።

ፈቃዴን ያገኘችው በክርክር አልነበረም። ስትሞክር ቁጭ ብዬ አየኋት። መሣሪያው አንድ ክር ብቻ አለው፤ ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ ደጋኑም የተወጠረው በፈረስ ጭራ ነው። ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ መንገዱን የሚያገኘው ጆሮ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ግቢው በሲጥታ ተሞላ። ከዚያ ትዝታ የሚመስል ነገር መጣ። ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ገና እየለየች ነው። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት አመጣችው ብዬ ተገረምኩ፤ ሒሳብ ስታጠና አይቼባት አላውቅም።

መከልከሉ ስህተት ቢሆንም፣ ከማን ጋር እንደምትማር አለማወቅም ስህተት ነው። የሚያስተምሯት ሽማግሌ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ትምህርቱ በእኛ ግቢ፣ ቤት ውስጥ ሰው ባለበት ሰዓት ነው። አያቷ እስካሁን በአፋቸው አልፈቀዱም። በዚያ ሰዓት ግን ከግቢው አይወጡም።

ሩጫዋን በፍርሃት ወይም በትልቅ ስም መጫን

መካከለኛዋ ልጄ መሮጥ ስትጀምር ጎረቤቱ ሁሉ «ደራርቱን ልታወጪልን ነው!» አላት። በፍቅር ነው ያሉት። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ናት። እንዲህ ያለውን ስም በ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ሲጭኑት ምን እንደሚሆን አየሁ፤ በትምህርት ቤት ውድድር አራተኛ ወጥታ ማታ እያለቀሰች መጣች። ትሩጥ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ዳገታም ከተማ መሮጥ ራሱ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሮጥም አለች። ሰነፈች ብዬ ተቆጣሁ። በኋላ ነው ያወቅሁት፤ የወር አበባዋ ጀምሯት፣ ልብሴ ላይ ይታይብኛል ብላ ፈርታ ነው። ብዙ ሴት ልጆች የወደዱትን ስፖርት የሚተዉት በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ምክንያት ነው፤ እኛ ግን አንጠይቅም። ሰፊ፣ ጥቁር፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሱሪ ሰፋሁላት። ከጥጥ ጨርቅ ደራርቤ የሚታጠብ ንጽህና መጠበቂያም ሠራሁላት፤ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ መድረቅ አለበት። ባለ ስፌት መኪናዋን ጎረቤታችሁን ብትጠይቋት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይወስድባትም።

ፍርሃቱ ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ብቻዋን አልልካትም፤ ከሁለት ጎረቤት ልጆች ጋር፣ ሲነጋ ትሄዳለች። የሰላሙ ነገር ባሰጋባቸው ወራት ከግቢ አልወጣችም፤ ገመድ እየዘለለች፣ ደረጃ እየወጣችና እየወረደች ቆየች። መንገዱ ሲዘጋ ሩጫውን ጭራሽ ተዪው ማለት አያስፈልግም፤ የሚሆነውን ያህል ማትረፍ ይቻላል።

ውድ ዕቃ እስኪገዛ መጠበቅ

ትንሿን ቀለም እገዛልሻለሁ እያልኩ አንድ ዓመት አስጠበቅኋት። እሷ በከሰል ግድግዳ ላይ ጀመረች። ተቆጥቼ ካጠብኩት በኋላ ያለፈውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ሰጠኋት፤ ወረቀቱ ትልቅና ጠንካራ ነው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው፣ በሸክላ ሥራ ከምትታወቀው ወለቃም ጥቂት ጭቃ አምጥቼላት ነበር፤ ዶሮ ሠራችበት።

እዚህ ላይ የጎንደር እናቶችን አንድ ነገር ልለምን። ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ፋሲል ግቢን የምናያቸው ከሩቅ ዘመድ ሲመጣ ብቻ ነው። ሰው ከዓለም ዳርቻ የሚመጣበት ሥዕል ከቤታችን በእግር የሚደረስ ነው። ልጄን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስጄ ጣራውን አሳየኋት። የኪሩቤል ፊት ረድፍ በረድፍ ጣራውን ሞልቶታል፤ ክንፍ ያላቸው ፊቶች፣ ትላልቅ ዓይኖች። እኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስሉኝ ነበር። እሷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ብዙ ቆይታ፣ «ያኛው ወዲያ ነው የሚያየው፣ ይሄኛው ወደ እኛ» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትስላቸው ሰዎች ሁሉ የሚያዩበት አቅጣጫ አላቸው።

ውጤት ሲቀንስ የምትወደውን መንጠቅ

ሯጯ ልጄ ዘንድሮ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለባት። በመጀመሪያው መንፈቅ ውጤቷ ሲወርድ ጫማዋን ቁም ሳጥን ቆለፍኩበት። ውጤቱ አልተሻለም፤ ማታ ማታ መጽሐፍ ፊት ተቀምጣ ታፈጥ ነበር እንጂ አታነብም። ጫማውን መልሼ የጥናት ሰዓቷን ከሩጫ በኋላ ሳደርገው ተሻላት። የተሰጠ ሰዓት ቢያጥር ይጠር፤ እንደ ቅጣት ግን አይወሰድ።

ሳያዩ «ጎበዝ» ማለት፣ እኅትን ከእኅት ማወዳደር

ስፌት መኪናዬን እየነዳሁ፣ ቀና ሳልል «ጎበዝ» እላለሁ። ልጅ ይገባዋል። አሁን እግሬን ከፔዳሉ አንስቼ አያለሁ፤ ሰፊ ምስጋና አልጨምርም፣ ያየሁትን ብቻ እናገራለሁ፤ «ይህ ወፍ ጅራቱ ረዘመ» እላለሁ። «እኅትሽን እዪ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከቤታችን አውጥተነዋል። አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ ተወዳድራ ስትነካው ሁለቱም ይተዉታል።

እናት የራሷን መተው

ልጆቼ እኔ ለደስታዬ ስሠራ አይተውኝ አያውቁም ነበር። ልጅ ሳለሁ የሣር ስፌት እወድ ነበር፤ በመስከረም አክርማና ሰንደዶ ለመንቀል ከእናቴ ጋር ሜዳ እንወርድ ነበር። ካገባሁ በኋላ ወስፌ አልያዝኩም። ልጆቻችን «የራሴ ሰዓት» የሚባል ነገር ለትልቅ ሴት እንደሌለ የሚማሩት ከእኛ ነው፤ ስለዚህ ሲያድጉ እነሱም ይተዉታል።

እናቴ ጀምራ ሳትጨርሰው ያረፈችበት አንድ ሌማት ቤቴ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። በጾሙ መግቢያ አወጣሁት። በ10 ሰዓት፣ ትልቋ ማሲንቆዋን ስትቃኝ፣ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ እሰፋለሁ። ትንሿ ውሃ ውስጥ የራሰውን አለላ እየመረጠች ታቀብለኛለች። ቀይ ስጠይቃት አረንጓዴ ትሰጠኛለች፤ «ይሄ ይሻላል» ትላለች። ሌማቱ መሐሉ የእናቴ ቀይ ሆኖ፣ ወደ ጫፉ አረንጓዴ እየሆነ ነው።