ጋስኬቱ ተቀይሮም ውሃው የሚጠፋው ለምንድን ነው?

መኪናው ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሲወጣ ይግላል። ራዲያተሩ ውሃ ይጎድለዋል፤ መሬት ላይ ግን ጠብ የሚል የለም። የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ደግሞ በቅርቡ ነው የተቀየረው።

ጋስኬቱን ከመውቀሳችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገውን ግፊት የማይዝ ክዳን ዳገት ላይ ወዲያው ያጋልጣችኋል። ክዳኑ ደህና ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሱት። አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አዲስ ጋስኬት በአሮጌ ቡሎን መታሰሩ ነው። የብዙ ዘመናዊ ሞተሮች የቴስታታ ቡሎን ሲጠብቅ ተለጥጦ እንዲቀር ሆኖ የተሠራ ነው። ቴስታታውን እኩል ጨምቆ የሚይዘውም ያ መለጠጥ ነው። አንዴ የተለጠጠ ቡሎን ግን ወደ ቀድሞ ርዝመቱ አይመለስም። በዓይን ደህና ይመስላል፤ ግን የመያዝ አቅሙ ቀንሷል። አንዳንድ አምራቾች ርዝመቱ ተለክቶ ከገደቡ ካላለፈ መልሶ መጠቀምን ይፈቅዳሉ። እኔ ግን አዲስ ግዙ እላለሁ። የቡሎኑ ዋጋ ቴስታታ ዳግም ከማስወረድ አይበልጥም።

ሲታሰር የአምራቹ መመሪያ ለምን በዲግሪ፣ ማለትም ቡሎኑ በሚዞርበት ማዕዘን፣ ይናገራል? ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ላይ ከምታሳርፉት ኃይል 90 በመቶ ያህሉን ፍትጊያ ይበላዋል። ዝገት ወይም ዘይት ሲኖር ቁጥሩ ይዋሻል። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሽ ቶርክ፣ ከዚያ ለምሳሌ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይባላል። ልኩ እንደየሞተሩ ይለያያል፤ ከሌላ ሞተር አትዋሱ። የቡሎኑን ራስ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር በተራ እሰሩ።

ቡሎኑ በዲግሪው መጨረሻ ላይ «ለሰለሰብኝ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ አዲስ ከሆነና ዲግሪውን ካልዘለላችሁ መለጠጥ ጀምሯል ማለት ነው። አሮጌው ግን እንዲህ ካለ አውጡት፣ ወገቡ ቀጥኖ ታገኙታላችሁ።

ቀዳዳውን በአየር ሳትነፉ ቡሎን አትክተቱ። ታች ዘይት ወይም ውሃ ከተጠራቀመ ማምለጫ የለውም፤ ቡሎኑ ሲወርድ የሞተሩን ብሎክ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከጥቂት ቀን በኋላ «አንዴ ላጥብቀው» የሚለውንም የድሮ ልማድ ተዉት። መመሪያው ካላዘዘ የተለጠጠን ቡሎን ዳግም መንካት መልሶ ማላላት ወይም መበጠስ ነው።