ጆሮው የማይወድቅ የጭቃ አህያ፦ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች

ሱሉልታ ወይም ኮዬ ፈጬ የሚያድግ የ4 ዓመት ልጅ ዝሆንን የሚያውቀው በሥዕል ነው። ጭድ የጫነ አህያ ግን በየቀኑ በደጁ ያልፋል። የእጅ ሥራውን በአህያ መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ነገሩን የሚወስነው አፈሩ ነው። በአቃቂና በኮዬ ፈጬ ሜዳ ያለው ጥቁር መረሬ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ግን ክፉኛ ስለሚኮማተር ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር ብዙም አይሰነጠቅም፣ ግን ብቻውን ቶሎ ይፈረፈራል። ስለዚህ ለ10 ልጆች 3 ጣሳ ቀይ፣ 1 ጣሳ ጥቁርና ግማሽ ጣሳ የጤፍ ጭድ ቀላቅሉ። ጭዱን እንደ ጥፍር አሳጥራችሁ ክተፉት፤ ከረዘመ ልጁ ጭቃውን ትቶ ጭድ መልቀም ይጀምራል። ለቤት ምርጊት ጭድ የሚገባበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፦ ጭቃውን አያይዞ ይይዘዋል።

አፈሩን ከበረትና ከቦይ ርቃችሁ፣ ከላይ አንድ ስንዝር ገፋችሁ ቆፍሩ። ጠርሙስና ሽቦ እንዳይኖርበት በወንፊት ንፉት፤ በውኃ ርሶ ይደር። ጠዋት አቡኩትና ጣት የሚያህል ጥቅል ሠርታችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምዝዙት። ከተሰነጠቀ ውኃ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ደረቅ አፈር ይጨመርበት።

ለእያንዳንዱ ልጅ እንቁላል የሚያህል ድቡልቡል ስጡ። በመዳፉ አሽቶ እንደ ድንች ያሞላልቀው፤ ከአንዱ ጫፍ አንገትና ራስ፣ ከራሱ ላይ ደግሞ ሁለቱን ጆሮ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያውጣ። ለብቻ ተሠርቶ የተለጠፈ ጆሮ ይወድቃል፤ ቀጭን ስለሆነ ከራሱ ቀድሞ ደርቆ ይኮማተርና ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። ልጁ መለጠፍ አለብኝ ካለ ሁለቱንም ገጽ በጭራሮ ቧጭሩና እንደ እርጎ የቀጠነ ጭቃ ቀቡበት።

ለዓይን ምስር አትስጡ። እርጥበት ስቦ ያብጥና ጭቃውን ይገፋዋል፤ ደግሞም አፍንጫ ውስጥ የሚከት ልጅ አይጠፋም። በጭራሮ መውጋት ይበቃል።

እግሩ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ነው። ሆዱ ላይ አራት ቦታ ወግታችሁ፣ ጭራሮውን አሽከርክራችሁ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጉና አውጡት። እዚያው እንደተሰካ ከደረቀ ጭቃው ሲኮማተር እንጨቱ እንቢ ስለሚል ሆዱ ይሰነጠቃል።

ማድረቂያው ጥላ ነው፣ ፀሐይ አይደለም። በፀሐይ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀርና ይሰነጠቃል። ጆንያ ላይ አስቀምጡ፣ በየቀኑ አገላብጡ፤ በበጋ 4 ወይም 5 ቀን፣ በክረምት ከሳምንት በላይ ይፈጃል።

እግሩን ለማጣበቅ 1 ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት በ1 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡና በ3 ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩት። ደረቁን ዱቄት ፍል ውኃ ላይ ከበተናችሁት ይጓጉላል። ሲያብለጨልጭ አውርዱ፤ ሳይበርድ ልጅ አይንካው።

ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ግራጫ አህያ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር፣ ትከሻው ላይም የሚያቋርጠው ሌላ መስመር አለው፤ በከሰል ይሳሉት። አፉ ዙሪያውን በጠመኔ ያንጡት። ኖራ ግን ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ለልጅ አይሰጥም።

አህያው ያልተተኮሰ ጭቃ ስለሆነ ውኃ አይችልም። ከተሰበረ እግሩን ነቅላችሁ ገላውን ፈጭታችሁ ንከሩት፤ በማግስቱ እንደገና ይቦካል።