ቤልግሬድ ለምትመጡ፦ ከደርቢው በፊት ይህን አንብቡ

“ደርቢውን የት ሆኜ ልየው?” የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ደርቢው የሁለቱ ታላላቅ የቤልግሬድ እግር ኳስ ክለቦች ግጥሚያ ነው። ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይህን ጽሑፍ እልካለሁ።

ከጎል ጀርባ አትቀመጡ። የዝቬዝዳ (ሬድ ስታር የምንለው) ደጋፊዎች በሜዳቸው ሰሜኑን፣ የፓርቲዛኖቹ ደግሞ በሜዳቸው ደቡቡን ይዘዋል። ትኬቱ እዚያ ስለሚረክስ አዲስ ሰው ሁሉ ወደዚያው ይሮጣል። እኔም በመጣሁ በሁለተኛው ወር ከሁለቱ በአንደኛው ገባሁ። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጬ ያደግሁ ስለሆንኩ ጭፈራው ደስ አለኝና ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ አንዱ እጄን ያዘኝ፣ ሌላው ስልኩን ነጠቀኝ፣ በዚያው ቀረ። ፊታቸውን የሚቀርጽ ሰው ለፖሊስ ወይም ለተቃራኒ ቡድን የሚሠራ ይመስላቸዋል። ቋንቋውን አልችል፣ በምን አፌ ላስረዳ? የመኖሪያ ፈቃድ ሰነዶቼ በሙሉ ስልኩ ውስጥ ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። እንደገና ለማሰባሰብ ሦስት ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የፈረንሳዩ ክለብ የቱሉዝ ደጋፊ እዚሁ መሀል ከተማ ተደብድቦ ሕይወቱ አልፏል፤ እኔ በስልክ መትረፌ ዕድል ነው። የጎን ወንበር ግዙ፣ የማንንም ቀለም አትልበሱ። በሁለቱ ስታዲየሞች መካከል አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የለም፤ ስካርፍ አድርጎ መንገድ የሳተ መመለሻ የለውም። ወሬ ከፈለጋችሁ ጊዮርጊስን ያሠለጠነው ሚቾ የአገራቸው ልጅ መሆኑን አንሱ፤ ብዙ በር ይከፍታል።

ጋዜጣ ላይም እንዲሁ ተጠንቀቁ። በየኪዮስኩ የተሰቀሉት ወሬ አጋናኝ ጋዜጦች (ታብሎይዶች) “ጦርነት!” ብለው በትልቁ ይጽፋሉ፤ አንድ ሰው በስልኩ ተርጉሞ ለማኅበረሰቡ ይበትነዋል፣ እናቶች አዲስ አበባ ሆነው እንቅልፍ ያጣሉ። እባካችሁ ተዉ! እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሚታተመው “ፖሊቲካ” የተባለው ጋዜጣ ለመንግሥት ቅርብ ነው፤ “ዳናስ” የተባለው ደግሞ ይተቻል፤ ሁለቱን አስተያዩ። ኒሽ ከተማ ያላችሁ “ዩዥኔ ቬስቲ” የተባለውን የኢንተርኔት ዜና ተከታተሉ። “ፖሊቲካ” ሲሪሊክ በተባለው ፊደል ነው የሚታተመው፤ ፊደሉ 30 ብቻ ነው፣ ሀሁን የቆጠረ ሰው በሳምንት ይጨርሰዋል።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2024 ኖቪ ሳድ ባቡር ጣቢያ የጣሪያ መከለያ ተደርምሶ 16 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች አደጋው በደረሰበት ሰዓት፣ 11፡52 ላይ (በእኛ 5፡52 ረፋድ)፣ መንገድ ዘግተው በዝምታ ሲቆሙ አይቻለሁ። እንዲህ ካጋጠማችሁ ቁሙ። በመካከላቸው ስልክ እያወራ የሚያቋርጥ የአገሬ ልጅ አይቼ አፍሬያለሁ። በአደጋው ምክንያት ለተቃውሞ የወጡት ተማሪዎች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም የመኖሪያ ፈቃዳችሁ በፖሊስ እጅ ነውና ከፊት ተሰልፋችሁ መፈክር አትምሩ።

አከራያችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ሊያስመዘግባችሁ ይገባል። “አስመዝግቤያለሁ” ማለቱን አትመኑ፤ ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት የምዝገባ ማረጋገጫውን ነጩን ወረቀት በእጃችሁ አድርጉ፣ ቅጂውንም ከስልካችሁ ውጭ አስቀምጡ።