ለነፍስ አድን ቡድን የመንግሥት ግራንት ስትጠይቁ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2021 ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ ውስጥ አንድ ባለ 12 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ በከፊል ተደረመሰ። 98 ሰዎች ሞቱ። ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት የወጡት በጣም ጥቂት ናቸው። እነሱም የወጡት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ በአካባቢው የእሳት አደጋ ሠራተኞች እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ከእስራኤልና ከሜክሲኮ ሳይቀር ቡድኖች መጥተው ሌት ተቀን ቆፈሩ። በሕይወት ያገኙት ሰው ግን አልነበረም።

እኔ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ካውንቲ የግራንት (የማይመለስ የመንግሥት ድጋፍ) ማመልከቻ በማዘጋጀት ዓመታት አሳልፌያለሁ። ይህን ታሪክ ሁሌ የማነሳው ለዚህ ነው። ሰው የሚያወጣው ቀድሞ የደረሰው ቡድን ነው። ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ የሰፈሩ ቡድን ነው። የሰፈሩ ቡድን መሣሪያና ሥልጠና የሚያገኘው በአብዛኛው በመንግሥት ግራንት ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በዋሽንግተን ዙሪያ በበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ጣቢያ የሚያገለግሉ፣ በከተማና በካውንቲ ቢሮ የሚሠሩ ወገኖች እየበዙ ነው። ሥራው እጃችሁ ሲገባ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ።

የተሳሳተ በር ማንኳኳት

ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት) የከተማ ፍለጋና ነፍስ አድን ገንዘብ አለው፣ እኛ ደግሞ ነፍስ አድን ቡድን ነን፣ ስለዚህ ለፌማ እንጻፍ። አይሆንም።

ፌማ በመላ አገሪቱ 28 የፌዴራል ግብረ ኃይሎች አሉት። ሁለቱ እዚሁ ጎረቤታችን ናቸው፤ የፌርፋክስ ካውንቲው ቨርጂኒያ ታስክ ፎርስ 1 እና የሞንትጎመሪ ካውንቲው ሜሪላንድ ታስክ ፎርስ 1። የቨርጂኒያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 ናይሮቢ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ በፈንጂ ሲመታ ሄዶ የሠራ ነው። ፌማ ለነዚህ ቡድኖች ዝግጁነት የሚመድበው ገንዘብ የሚሄደው ከሱ ጋር ስምምነት ላላቸው ለ28ቱ ብቻ ነው። የእናንተ ከተማ ቡድን ከዝርዝሩ ውጭ ከሆነ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከዚያ ሳንቲም አያገኝም።

ለሌሎቻችን ሁለት ትልልቅ በሮች አሉ። አንደኛው የአገር ውስጥ ደኅንነት ግራንት ነው። ይህን ለፌማ የሚያመለክተው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ከተማ ወይም ቡድን በቀጥታ አያመለክትም። ክፍለ ግዛቱ ገንዘቡን ሲቀበል ቢያንስ 80 በመቶውን በ45 ቀን ውስጥ ለአካባቢ መስተዳድሮች እንዲያስተላልፍ ሕጉ ያዘዋል። ስለዚህ ማነጋገር ያለባችሁ ክፍለ ግዛታችሁ ውስጥ ይህን ግራንት የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ነው። ያውም የግራንቱ ማስታወቂያ ሳይወጣ በፊት። ማስታወቂያው ሲወጣ የክፍለ ግዛቱ ሐሳብ በአብዛኛው ተጠናቋል። ዋሽንግተን ዙሪያን የመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች በዚሁ ግራንት ውስጥ የራሳቸው የተለየ ድርሻ አላቸው። እሱም የሚከፋፈለው አካባቢው በጋራ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የሌለው ቡድን ይረሳል።

ሁለተኛው በር ኤ ኤፍ ጂ የሚባለው፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሰጠው ግራንት ነው። እዚህ የእሳት አደጋ ጣቢያው ራሱ በቀጥታ ለፌማ ያመለክታል። መሣሪያም ሥልጠናም ይቻላል። ነገር ግን ብቻውን የቆመ፣ ከእሳት አደጋ ጣቢያ ጋር ያልተሳሰረ የፍለጋ ማኅበር በዚህ በር አይገባም። ማኅበራችሁ እንዲህ ከሆነ ከጣቢያው ጋር ተስማሙና በጣቢያው ስም ግቡ።

ምዝገባውን ለመጨረሻ ሳምንት መተው

ይህ የደረሰብኝ ነው። አንድ ክረምት ሙሉ የደከምንበት ማመልከቻ ነበር። የመዝጊያው ቀን ዋዜማ ማታ ከአንድ ካፒቴን ጋር ተቀምጠን ልናስገባ ስንል ሲስተሙ አልቀበልም አለ። የፌዴራል ምዝገባችን ጊዜው ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ማስታወሻው ደርሷል፤ የደረሰው ግን ጡረታ ለወጣ ሰው ኢሜይል ነው። ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ምንም አልተናገረም። አንድ ዓመት ጠበቅን።

ማንኛውም የፌዴራል ግራንት የሚጠይቅ ድርጅት ሳም በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ መመዝገብና መለያ ቁጥር ማግኘት አለበት። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። የድርጅቱ ስም በግብር መሥሪያ ቤቱ ካለው ስም ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንዲት ነጥብ ስትለይ ሳምንታት ይፈጃል። ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። በሁለት ሰው ኢሜይል ይመዝገብ። ደግሞ ምዝገባው በነፃ ነው። ልክ መንግሥት መስለው «ጊዜያችሁ ሊያልፍ ነው፣ ይህን ያህል መቶ ዶላር ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ የሚልኩ አሉ። አትክፈሉ።

በዕቃ ዝርዝር መጀመር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው።

ቡድን ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚጻፈው ምን እንግዛ የሚለው ነው። ፍርስራሽ ውስጥ ድምፅ የሚሰማ መሣሪያ፣ በቀዳዳ የሚገባ ካሜራ፣ ሃይድሮሊክ መቁረጫ፣ ተጎታች መኪና። ዕቃው አይጠላም። ግን ማመልከቻውን የሚያነቡት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የእሳት አደጋ ሰዎች ናቸው። የሚፈልጉት መልስ ሌላ ነው። ዛሬ ሌሊት ከተማችሁ ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የጡብ ሕንፃ ቢወድቅ ምን ማድረግ አትችሉም?

ይህን ጥያቄ በሐቅ መልሱ። «የተሰነጠቀ ግድግዳ ደግፈን ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በፈረቃ የለንም። ሥልጠናውን የጨረሰ 6 ሰው ብቻ ነው ያለን፤ በአንድ ፈረቃ 2 ይገኛል። የቅርቡ የሠለጠነ ቡድን የሚደርሰው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው።» እንዲህ ያለ ሦስት መስመር ከአሥር ገጽ የጀግንነት ታሪክ ይበልጣል። ቁጥሩ የእናንተ የራሳችሁ ይሁን፣ ከመዝገብ የወጣ ይሁን። ክፍለ ግዛታችሁም በየጊዜው የአደጋ ሥጋትና የአቅም ግምገማ ያዘጋጃል። የእናንተ ክፍተት እዚያ ውስጥ ከተጠቀሰ ገጹን ጥቀሱ። ካልተጠቀሰ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲገባ ከአሁኑ ሂዱና ንገሯቸው።

አንድ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ያየሁት አይረሳኝም። የማዳመጫ መሣሪያ፣ ብርቱካናማ ሣጥን ውስጥ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ። ከተገዛ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አጠቃቀሙን ተምረው የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጡረታ ወጥቷል፣ አንዱ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዷል። በሚቀጥለው ረድፍ ላይ ደግሞ የእንጨት ድጋፍ መሥሪያው ተደርድሯል፤ አራት በአራት ግንድ፣ ሽብልቅ፣ ምስማር። ርካሽ ነው። ግን ሲነካ ሲፈታ ጫፉ ሁሉ ተበልቷል። ያን ቡድን አንድ ቀን ሰው ካወጣ የሚያወጣው በዚያ እንጨት ነው ብዬ አሰብኩ።

የሰውን ሰዓት መርሳት

ከላይ ካለው ይቀጥላል። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለአምስት ቀን ሥልጠና ሲሄድ ወንበሩ ባዶ አይቀመጥም። ሌላ ሰው በኦቨርታይም ይተካዋል። ይህ ወጪ ብዙ ጊዜ ከሥልጠናው ክፍያ ይበልጣል። የአገር ውስጥ ደኅንነት ግራንት ለሥልጠና የሚወጣውን ኦቨርታይምና የተተኪውን ክፍያ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ በጀት ላይ ያልጻፈ አያገኝም። ስንት ሰው ሥልጠናው ተከፍሎለት «የሚተካህ የለም» ተብሎ ሳይሄድ ቀርቷል!

ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ላይ ምን እንደሆነ ሁላችንም ሰምተናል። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት ወገን ነፍሱን ሰጥቶ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከነሱ ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ነበሩ። አይፈረድባቸውም፣ ማን ጎረቤቱ ከመሬት ሥር ሆኖ ይቆማል? ሥልጠና የሚያስፈልገው ግን ለዚህ ነው። የሚንቀሳቀስ መሬትን፣ የሚያዘነብል ግድግዳን የሚጠብቅና «ውጡ» የሚል አንድ ሰው ዳር መቆም አለበት። ያንን ሰው የሚያፈራው ሣጥን ሳይሆን የልምምድ ሰዓት ነው።

ካውንቲው የሚከፍለውን በግራንት መተካት

ካውንቲው ለነፍስ አድን ቡድኑ በየዓመቱ 40 ሺህ ዶላር ይመድብ ነበር እንበል። ግራንት ሲገኝ «እንግዲህ ገንዘብ አግኝታችኋል» ብሎ ያንን 40 ሺህ ያነሳዋል። ይህ ክልክል ነው። የፌዴራል ገንዘብ ያለው ላይ ይጨመራል እንጂ ያለውን አይተካም። ችግሩ ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ግራንቱን ያልጻፉ የበጀት ክፍል ሰዎች መሆናቸው ነው። ገና ሳታመለክቱ ደንቡን አስረዷቸው። በጽሑፍም ያዙት።

የራስን ድርሻና የመጀመሪያውን ወጪ አለማሰብ

ኤ ኤፍ ጂ የራሳችሁን የገንዘብ ድርሻ ይጠይቃል። የሕዝብ ቁጥራችሁ 20 ሺህ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 5 በመቶ፣ እስከ 1 ሚሊዮን 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ነው። የአገር ውስጥ ደኅንነቱ ግራንት ድርሻ አይጠይቅም፤ ግን በአብዛኛው መጀመሪያ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ገንዘቡ የሚመለስላችሁ በኋላ ነው። አንድ ትንሽ ከተማ የ90 ሺህ ዶላር ዕቃ ገዝታ ገንዘቡ እስኪመለስ ወራት የምትጠብቅበት አቅም አላት ወይ? የፋይናንስ ክፍሉን ቀድማችሁ ጠይቁ።

መቸኮል

ግራንቱ ጸደቀ ሲባል ሁሉም ይቸኩላል። ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ የግራንቱ ውል ሳይፈረም የተገዛ ዕቃ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ አይመለስላችሁም። በአገር ውስጥ ደኅንነቱ ግራንት የሚገዛው ዕቃም በተፈቀደው የመሣሪያ ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት።

ሁለተኛ፣ ፕሮፎርማ። የምታውቁት ሻጭ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን የዕቃውን መስፈርት እሱ ጽፎላችሁ መልሶ እሱ ቢያሸንፍ ግዥው ይበላሻል። የፌዴራሉ ደንብ መስፈርቱን ያዘጋጀ ሻጭ እንዳይወዳደር ይከለክላል። የብዙ ቡድን ራስ ምታት የሚጀምረው ከዚህ ነው። መስፈርቱን ራሳችሁ ጻፉት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ለልምምድ የሚሆን የፍርስራሽ ክምር ለማዘጋጀት መሬት መቆፈር ወይም ኮንክሪት ማፍሰስ ካሰባችሁ አስቀድሞ የአካባቢና የቅርስ ግምገማ ያስፈልጋል። ግምገማው ሳያልቅ አንድ አካፋ አፈር ከተነሳ የዚያን ሥራ ገንዘብ ልታጡ ትችላላችሁ። ደንቦቹ በየጊዜው ይሻሻላሉና የዓመቱን ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። የአምናውን ፋይል ኮፒ አድርጎ መላክ አያዋጣም።

ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ መምሰል

በግራንት የተገዛ ዕቃ ዋጋው ደንቡ ካስቀመጠው መጠን በላይ ከሆነ በመዝገብ ይያዛል። መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል። ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ በአካል ይቆጠራል። ሰነዱም የመጨረሻው ሪፖርት ከገባ በኋላ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይቀመጣል። ደረሰኝ ብቻ አይደለም፤ ፕሮፎርማው፣ የሥልጠና ፊርማ ዝርዝሩ፣ የሰዓት መዝገቡ ሁሉ።

እኛ አሁን ቆጠራውን ከልምምድ ቀን ጋር አንድ ላይ እናደርገዋለን። ሣጥኑ ሁሉ ከመኪናው ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ባትሪው ይሞከራል፣ ቁጥሩ ይነበባል። ከዚያ መሣሪያውን ነክቶ የማያውቅ አዲስ ሰው ይጠራና እንዲያስነሳው ይደረጋል። ካልቻለ ስሙ ለሚቀጥለው ሥልጠና ይጻፋል። ያ ዝርዝር ነው የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻችን የመጀመሪያ ገጽ የሚሆነው።