ጓደኛ ለመጠየቅ ሌላ ከተማ ስትሄዱ ምግብና መጠጡን እንዴት ማቀድ ይቻላል

ጓደኛ ለማየት ሌላ ከተማ ስንሄድ ጊዜያችን አጭር ነው። ከዚያችው አጭር ጊዜ ላይ ደግሞ «የት እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ይወስድብናል። መንገድ ዳር ቆሞ ስልክ ማገላበጥ፣ «ለእኔ የትም ይሆናል» መባባል፣ ረሃቡ ሲጠና ፊት ለፊት የተገኘው ቤት መግባት። መላው ቀላል ነው። በቀን አንድ ገበታ ብቻ በደንብ አቅዱ፤ ሌላውን አቅልሉት።

1. የማትበሉትን ቀድማችሁ ተናገሩ

ብዙ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና ሳይናገር ይሄዳል። ጓደኛችሁ ግን ምድጃ ላይ ሲደክም ከዋለ በኋላ ከሚሰማው ቀድሞ ቢያውቀው ይሻለዋል። አጭር መልእክት ይበቃል፦ «ሥጋ አልበላም፣ ወተት አይስማማኝም፣ ሌላው ሁሉ ይሆናል።»

አለርጂ ካለባችሁ ፍርጥ አድርጋችሁ ንገሩት። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ኦቾሎኒውን ከሳህኑ ለቅሞ ማውጣቱ አያድነውም። ኦቾሎኒ በነካ ማንኪያ የተማሰለ ምግብም ሊያሳምመው ይችላል። ሬስቶራንት ስትገቡም ከማዘዛችሁ በፊት ለአስተናጋጁ ተናገሩ። ሐኪም ያዘዘላችሁ መርፌ ካለ ከእጃችሁ አይለይ፤ የት እንዳስቀመጣችሁትም ጓደኛችሁ ይወቅ።

2. የቀኑን ዋና ገበታ ምረጡ

ጓደኛችሁን «ምርጡ ሬስቶራንት የቱ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። እንዲህ ስትሉት እሱ ራሱ የማይሄድበትን ውድ ቦታ ይጠራላችኋል። «ደክሞህ ማብሰል ሲያስጠላህ የት ትሄዳለህ?» በሉት። ያኔ የልቡን ቤት ይነግራችኋል።

ምሳ ይሁን እራት? እኔ ለምሳ አደላለሁ። በብዙ ቦታ የምሳ ሜኑ ከእራት ይረክሳል፣ ሆድም ሳይከብድ ይታደራል። ቦታውን በስልክ አስይዙ፤ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። ስትገቡ ከድምፅ ማጉያውና ከወጥ ቤቱ በር ራቅ ያለ ጥግ ያዙ። የመጣችሁት ለጨዋታ ነውና እየተጯጯሁ መብላት ጉዞውን ያበላሻል።

3. ቁርሱን ቤት ብሉ

ከደረሳችሁበት ቀን ጀምሮ ዳቦ፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ገዝታችሁ ግቡ። የጓደኛችሁን ወጪ ትጋራላችሁ፣ ጠዋትም ወረፋ አትጠብቁም። ስትወጡ አንድ ፍሬና ትንሽ ለውዝ ቦርሳ ውስጥ ጣል አድርጉ። ብዙ በእግር የሚኬድበት ቀን ላይ ረሃብ በድንገት ነው የሚመጣው።

4. መጠጡ ላይ አስቡበት

የቧንቧው ውሃ ይጠጣ እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ነው፤ እሱን ጠይቁት። ካጠራጠራችሁ አፍሉት። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ግን 3 ደቂቃ። በረዶውም የሚሠራው ከዚያው ውሃ መሆኑን አትርሱ።

ቡና ለጨዋታ ይመቻል። ይሁን እንጂ ካፌይን ከጠጣችሁት 5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። አዲስ አልጋ ላይ እንቅልፍ እንደሁ እንዲሁም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ማምሻውን ተዉት።

አልኮል ከጠጣችሁ ባዶ ሆድ አይሁን፤ በየብርጭቆው መሃልም ውሃ ጠጡ። ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት ቤት በምን እንደምትመለሱ ተስማሙ። የጠጣ ሰው መኪና አይነዳም፣ በዚህ ድርድር የለም። ከመካከላችሁ የማይጠጣ ካለም ለምን ብላችሁ አትጠይቁት።

5. ስለ ሒሳቡ ሳትቀመጡ ተነጋገሩ

ይህ ብዙዎች የሚሸሹት ወሬ ነው፤ ወዳጅነትን የሚያሻክረውም ይኸው ነው። የሁሉም ኪስ እኩል አይደለም። ቦታ ስትመርጡ ከሁላችሁም ትንሽ ገንዘብ የያዘው ሰው የሚችለውን ምረጡ፤ ማን እንደሆነ ግን ጮክ ብላችሁ አትጠይቁ። «ዛሬ ምሳው የእኔ፣ ነገ የአንተ» ማለት ወይም እኩል መካፈል፣ ሁለቱም ያስኬዳል። የሚያስቸግረው ሒሳቡ ከመጣ በኋላ መጎተት ነው።

የምታርፉት ጓደኛችሁ ቤት ከሆነ ቢያንስ አንዱን ገበታ እናንተ ቻሉ። ብትችሉ ደግሞ አንድ ማታ እናንተ አብስሉ፣ ዕቃውንም እጠቡ። እሱም ቁጭ ብሎ የሚያወራበት አንድ ምሽት ያግኝ።

6. የተረፈውንና የመንገዱን ስንቅ

የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይሆንም። ፍሪጁም 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ለመመለሻ መንገድ ደረቅ ያለ፣ ሽታው ጎረቤት የማያስቸግር ነገር ያዙ። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ማርና ማርማላታ በብዙ አየር ማረፊያዎች እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚይዝ ከሆነ ፍተሻ ላይ እንዳይቀርባችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አስገቡት።